ዘልማር ሲዘገይ

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። ኡዘይር ሸሪፍን ሞኝ ብዬ የሰፈሩን የአዲስ ዓለምን ሰው በራሴ ላይ አላስነሣም፤ የያዘውን ባለመልቀቅ ግን ወረቀትም ከሱ ይማራል። ከፒያሳ ወደ ቅዳሜ ገበያ ሲወረድ በግራ በኩል ያለችውን ፎቶ ሸሪፍን ያቋቋሙት አባቱ ሐጂ ሸሪፍ ነበሩ። ሐጂ ከአላህ ቀጥለው የሚያምኑት ነገር ቢኖር ዘልማር የሚባለውን የባሕር ማዶ ካሜራ ፋብሪካ ነበር። ካሜራቸው ዘልማር፣ ፊልማቸው ዘልማር፣ ማተሚያ ወረቀታቸው ዘልማር። «በዘልማር አፍ የሌላ ፋብሪካ ፊልም አይገባም» ይሉ ነበር። በ1995 ዓ.ም. ሲሞቱም ካሜራዎቹን ከነቃላቸው ለኡዘይር አወረሱት።

ዓለም ግን ዘልማርን ቆማ አልጠበቀችም። ሚሊኒየሙ ሲጠባ ጎንደር ውስጥ ፊልም የሚያጥብ ፎቶ ቤት በጣት የሚቆጠር ነበር። ጎረቤቱ አላምረው እንኳ፣ ያ ትናንት ሐጂ ፊልም ማጉረስ ያስተማሩት አላምረው፣ ዲጂታል ካሜራ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ሙሽራውን እዚያው ስክሪኑ ላይ ያሳያል። ሰው ፊቱን ወዲያው ማየት ከቻለ ምን ሊሆን ሳምንት ይጠብቃል? የኡዘይር አግዳሚ ወንበር ባዶውን መዋል ጀመረ።

«አባ፣ ይህ ኩባንያ ሞቷል» ትለዋለች ልጁ ፈህሚያ። ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ኮምፒዩተር ተምራለች፣ ምላሷም ምላጭ ነው። «ሞቷል፤ ያጣው ቀባሪ ነው።»

«ዘልማር አይቸኩልም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ሲባል አልሰማሽም?»

«አሥር ዓመት ሙሉ እኮ ነው ያልቸኮለው!»

ኡዘይር የኩባንያውን መዘግየት አጥቶት አይደለም። ከሱ ይልቅ የሚያውቀው ሰው የለም፤ ምክንያቱም ስምንት ዓመት ሙሉ በዚያ መዘግየት እያመካኘ አንዲት እናት ሲዋሽ ኖሯል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1991 ዓ.ም. ጥር ላይ፣ በጥምቀት ሰሞን፣ ኡዘይር ሦስት ቀን ሙሉ ቀሐ ወንዝ ዳር ውሎ ሕዝብ ሲያነሣ ፊልሙን ጨረሰ። በማግስቱ ጠዋት ሱቁን ሲከፍት አሥራ ሰባት ጎረምሶች በሩ ላይ ተኮልኩለዋል። ከወገራና ከዳባት ወዲያ የመጡ ምልምሎች ናቸው፤ ጦር ግንባር የሚወስዷቸው መኪኖች ከሰዓት በኋላ ይነሣሉ። ሁሉም አንድ አንድ ፎቶ ይፈልጋል፤ ለእናት የሚቀር። አንዲት ፊልም የለችውም። አላምረው ቤት የሌላ ፋብሪካ ፊልም በካርቶን ተቀምጧል፤ ሄዶ አበድረኝ ቢል ማን ይከለክለው ነበር? ግን ያን ጊዜ ሐጂ በሕይወት አሉ፣ ኩራትም አለ። የለኝም ብሎ መመለስም አፈረ።

በፎቶ አንሺ ዘንድ ባዶ ፍላሽ የሚባል ነገር አለ። ሰርግ ላይ ሕፃናት «እኛንም! እኛንም!» እያሉ ሲያስቸግሩ ፊልም እንዳይባክን መብራቱን ብቻ ቦግ ታደርግላቸዋለህ። እነሱ ይደሰታሉ፣ ፊልሙም ይተርፋል፣ ማንም አይጎዳም። ኡዘይር አሥራ ሰባቱንም በየተራ የፋሲል ግንብ በተሳለበት መጋረጃ ፊት አስቀምጦ ባዶ ፍላሽ አበራባቸው። ለእያንዳንዳቸው ቁጥር የተጻፈበት ቁራጭ ወረቀት ሰጥቶ «ቤተሰብ ይምጣና ይውሰድ» አለ። ለአገር የሚሄድ ልጅ አይከፍልም ብሎ ገንዘብ አልተቀበለም፤ እነሱም መርቀውት ሄዱ። ሲመለሱ ደህና አድርጌ አነሣቸዋለሁ ብሎ ልቡን አሳመነ። ልብ ደግሞ ለማመን ከፈለገ ምን ይቸግረዋል!

ከአሥራ ሰባቱ በሰው የተላከላትን ቁጥር ይዛ የመጣች አንዲት እናት ብቻ ናት። ትርንጎ ትባላለች፤ ከዳባት በላይ ካለው ደጋ በአውቶቡስ ትወርዳለች። የልጇ ስም ባምላክ ነው። በየዓመቱ ከጥምቀት ቀጥሎ ባለው ቅዳሜ፣ ያችን ቁራጭ ወረቀት ከመቀነቷ ፈትታ በሩ ላይ ትቆማለች።

«አያ ኡዘይር፣ ደረሰ ወይ?»

«አልደረሰም እታለም። ፊልሙን ለኩባንያው ልከነው ዘገየብን።»

«ምነው?»

«ሩቅ አገር ነው። ትልቅ ፋብሪካ ነው፤ ተራ ይጠበቃል።»

«እንግዲህ ሲደርስ ይደርሳል» ትልና ወረቀቷን መልሳ ትቋጥራለች። አንድም ቀን ተቆጥታ አታውቅም። እንዲያውም ስትወጣ እግሯ ከመምጣቷ ይልቅ የሚቀላት ይመስለዋል። የገጠር ሰው ትዕግሥት ነው ብሎ ያልፈዋል እንጂ ጠይቋት አያውቅም። እሷ ከሄደች በኋላ ግን ምሳ አይበላለትም።

እንግዲህ በ2000 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ዘልማር በመጨረሻ ዲጂታል ካሜራ ሠራ። ኡዘይር ከመርካቶ አስመጣውና እንደ ሙሽራ ተቀበለው። አላምረው ብቅ ብሎ አየውና «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ብሎ ሄደ። ፈህሚያ ግን አገላብጣ፣ በባለ ሦስት እግሩ ማቆሚያ ላይ አስራ፣ አባቷን ወንበሩ ላይ አስቀምጣ ቁልፉን ተጫነች። ዝም። ቆይቶ፣ ቆይቶ፣ ቀጭ አለ።

«ምን እያሰበ ነው?» አለች።

«አዲስ ነው፤ ይለምዳል።»

አልለመደም። መጀመሪያ የዘገየው ለአንድ ትንፋሽ ያህል ነበር፤ ሙሽራዋ ስትስቅ ተጭነውት ስትኮሳተር አወጣት። በሳምንቱ ደግሞ መዘግየቱ መልኩን ለወጠ። ቀጭ የሚለው ወዲያው ነው፤ የሚያሳየው ግን ያለፈውን ሆነ። ደመቀ የሚባል የኮላ ድባ እህል ነጋዴ ለመንጃ ፈቃድ ጉርድ ፎቶ ሊነሣ ተቀመጠ። ስክሪኑ ላይ የወጣችው ከሱ በፊት የተነሣችው ነፍሰ ጡር ናት።

«ይቺ እኔ ነኝ?» አለ ደመቀ።

ተሳሳቁ። ፈህሚያ የቆየ ፎቶ ነው የሚያወጣው፣ የሚያስቀምጥበት ቦታ ተደበላልቆበት ነው ብላ ሁሉንም ደመሰሰችና እንደገና ተጫነች። አሁን የወጣው ባዶ ወንበር ነው፤ አጠገቡ እሷ ራሷ አጎንብሳ ወለል ስትጠርግ ትታያለች። ወለሉን የጠረገችው ጠዋት ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ካሜራው ከነማኅደሩ ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፎበት ነበር። ማንም አልሳቀም።

በተጫኑት ቁጥር ወደኋላ ይሄዳል። ትናንትን፣ ያለፈውን ሳምንት፣ ወሩን። ኡዘይር ጥፋቱ የሱቁ ብርሃን ይሆናል ብሎ ለሥራ ከከተማው ዳር ወዳለው ፀዳ ይዞት ወረደ። ወይዘሮ እንኳየሁ የሚባሉ ሴት አዲስ ቤታቸውን ሊያስነሡ ጠርተውታል፤ ፎቁን፣ ባለ ቀለሙን አጥር። ተጫነ። የወጣው እርሻ ነው። ጥቁር በሬና ቀይ በሬ ተጠምደው፣ ድግር የያዘ ሽማግሌ ቀና ብሎ ያያል።

«ቤቴን የት አደረስኸው?» አሉ ሴትዮዋ እየሳቁ። ቀረብ ብለው ሲያዩ ግን ሳቁ ከፊታቸው ወረደ። «ይህ ሰውዬ... ይህ እኮ መሬቱን ለቆ ከሄደ ሁለት ዓመቱ ነው። ምነው እንዲህ ያየኛል?» ብለው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። ኡዘይርን ዳግመኛ አልጠሩትም።

ከዚያ በኋላ ከሱቅ አላስወጣውም። መተውም ግን አልቻለም። ታኅሣሥ ላይ አንድ ቀን ፈህሚያ አባቷ ሳያያት ተጫነችውና ጩኸቷ እስከ አላምረው ቤት ተሰማ። ኡዘይር ሮጦ ሲመጣ ስክሪኑ በሙሉ ፊት ነው። ሽበት የወረረው ጺም፣ ተጨማደው የጠበቡ ዓይኖች፣ እፍ ለማለት የሾለ ከንፈር። ሐጂ ሸሪፍ ናቸው። በሕይወት ሳሉ ጠዋት ጠዋት የካሜራቸውን ሌንስ በትንፋሻቸው እፍ ብለው በመሐረብ ይወለውሉ ነበር፤ ያንን ሲያደርጉ ነው የወጡት። ኡዘይር የካሜራውን ሌንስ ነካ። መስታወቱ ላይ ትንፋሽ ቋጥሯል፤ ጣቱን አራሰው።

«አዑዙ ቢላህ!» አለች ፈህሚያ። «አባ፣ በአላህ ይሁንብህ፣ ቀሐ ወንዝ ወስደህ ጣለው።»

«የአባቴን ፊት ወንዝ ልጣል?»

«ይህ አያቴ አይደለም! ምን እንደሆነ አላውቅም፣ አያቴ ግን አይደለም።» በማግስቱ ኢንተርኔት ቤት ገብታ ወጣችና ቀስ ብላ፣ እንደ መርዶ ነጋሪ፣ አጠገቡ ተቀመጠች። ዘልማር የካሜራ ፋብሪካውን ዘግቷል። ቀድሞውንም አርፍዶ የጀመረው ዲጂታል አልሸጥ ብሎት። «ከእንግዲህ ባትሪም አይሠራም። ያለችህ ይህቺ አንዲት ባትሪ ናት፤ እሷም ደክማለች። አንድ ጊዜ ሞልተናት አሥር ጊዜ አታነሣም። ልቀቀው አባ።»

ኡዘይር ማምሻውን ካሜራውን በማቆሚያው ላይ አሰረ። ከዚያ፣ ለመሰናበት ያህል ይመስል፣ አንድ ጊዜ ተጫነ። የወጣው ባዶ ወንበር ነው። ከወንበሩ ጀርባ ግን የተሰቀለው ጥቁሩ የዛሬ መጋረጃ አይደለም፣ ከሱ በፊት የነበረው ሰማያዊውም አይደለም። የፋሲል ግንብ ነው። ያ መጋረጃ በ1992 ዓ.ም. ተቀዶ ተጥሏል።

ካሜራው ወደኋላ እየሄደ ነው፤ ሌላ ጥቂት ቢሄድ ያን ቀን ይደርሳል። አሥራ ሰባቱ ልጆች ወንበሩ ላይ ተቀምጠው የነበረበትን ቀን! ፊልም ያልነበረበትን ቀን! የባምላክ ፊት ከወጣለት፣ አትሞ በክፈፍ አድርጎ ለትርንጎ ካስረከበ፣ ዘጠኝ ዓመት ያነቀው ነገር ይለቀዋል። ውሸቱም ውሸት መሆኑ ይቀራል፤ በእርግጥም ኩባንያው ዘግይቶ ነበር፣ በእርግጥም ደረሰ። ከዚህ በኋላ ፈህሚያ ብትለምነውም ብትቆጣውም አልሰማት አለ።

ባትሪውን እየሞላ፣ በቀን ሁለቴ ሦስቴ እየተጫነ ሄደ። ወንበሩ ግድም ግድግዳው ላይ የተሰቀለው የቀን መቁጠሪያ በየፎቶው ጥግ ይታያል። ሰኔ 1991። ግንቦት። መጋቢት። አንድ ጊዜ ሲጫኑት ወር፣ ወር ተኩል የሚዘልል ነበር፤ ኡዘይር ያችን ቀን እንዳይዘላት ፈርቶ እንቅልፍ አጣ። የ2000ው ጥምቀት ሲወጣ፣ ሰው ሁሉ ከቀሐ ሲመለስ፣ ተጫነ። ጥር 13 ቀን 1991። ጭንቅላቱን የተላጨ ልጅ ወንበሩ ላይ ተቀምጧል።

ሌላ ጊዜ ተጫነ። ወደ ታኅሣሥ አልዘለለም። ያው ልጅ ነው፤ አሁን ወንበሩ ላይ ሊቀመጥ ሲያጎነብስ። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም! ያን ሁሉ ዓመት እየዘለለ የመጣ ካሜራ እዚህች ጠዋት ላይ እግሩ ተያዘ። ኡዘይር የልጁን ዓይን አየ፤ ትዕግሥቱ ያለቀ ተራ ጠባቂ ዓይን ነው። ያልተነሡት ልጆች ካሜራውን አላሳልፍ ብለው ይዘውት ቢሆንስ የሚል ሐሳብ መጣበትና ጀርባውን ቀዘቀዘው።

የትኛው ባምላክ እንደሆነ አያውቅም። ያን ቀን ፊታቸውን መች አየና! ያየው የፍላሹን መብራት ብቻ ነበር። የሚያውቀው እናቱ ብቻ ናት። እናም ቅዳሜን ጠበቀ።

ትርንጎ ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ደረሰች። እንደ ወትሮዋ በሩ ላይ ቆማ መቀነቷን መፍታት ጀመረች።

«አያ ኡዘይር፣ ደረሰ ወይ?»

«ግቢ እታለም። ዛሬ ደርሷል።»

እጇ መቀነቷ ላይ ቀረ። ደስ ይላታል ብሎ የጠበቀው ኡዘይር ፊቷ አመድ ሲመስል አየ። ፈህሚያ ይዛ አስገብታ ከካሜራው አጠገብ አስቀመጠቻት። ኡዘይር ደግሞ ሳይደፈርስ አይጠራም ብሎ ሁሉንም ዘረገፈው። ያን ቀን ፊልም እንዳልነበረው፣ ባዶ ፍላሽ እንዳበራ፣ ኩባንያው የሚያውቀው ነገር እንደሌለ፣ ስምንት ዓመት እንደዋሻት። ስለ ካሜራውም እንደሆነለት ነገራት።

ትርንጎ መቀነቷን መልሳ ቋጠረች።

«ምነው ዛሬ ነገሩኝ?» አለች። «ሸጋ ሰው ነበሩ እኮ። መጥቼ አልደረሰም ሲሉኝ አገሬ በደስታ ነበር የምገባ።»

«በደስታ?»

«መርዶውን ከነገሩኝማ አምስት ዓመቴ። ቀበሌ ጠርተው ወረቀት ሰጡኝ። አስከሬን የለ። በኛ አገር አስከሬን ሳይኖር ፎቶው ከነልብሱ አልጋ ላይ ተቀምጦ ነው የሚለቀስ። ቀሳውስቱም ጎረቤቱም ምነው አታለቅሽም፣ ምነው ተዝካሩን አታወጪም አሉኝ። ፎቶው ጎንደር ነው፣ ፋብሪካው ዘግይቶበት ነው፣ ሲደርስ እናለቅሳለን አልኋቸው። አገሩን እንዳያለቅስ አምስት ዓመት ይዤ ኖርሁ። ልብሱን በየፋሲካው አጥባለሁ። ያልተለቀሰለት ሰው እኮ አልሞተም አያ ኡዘይር። ይቅር። አላየውም። የለም፣ አልደረሰም ይበሉኝና ልሂድ።»

እዚህ ላይ ቢያቆም ምናለ! ፈህሚያም «አባ፣ ተዋቸው» ብላ ክንዱን ያዘችው። ሰውዬው ግን አልሰማም። ቃሉን ሰምቷል፤ ያዳመጠው ግን የራሱን ደረት ነበር። እስክትመጣ ዘጠኝ ዓመት የተሸከመውን ሊያራግፍ አንዲት ስንዝር ቀርታዋለች። «አንድ ጊዜ እዪው፤ አንድ ጊዜ ብቻ። ያርፍልሻል» አላት። ማን እንደሚያርፍ አላህ ያውቃል። ተጫነ።

ስክሪኑ ላይ ጥርሱ ፍንጭት የሆነ ልጅ ወጣ። ትርንጎ አላይም ብላ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ነበር፤ ግን እናት ናት። በነጠላው ጫፍ አየች። «የሰው ልጅ ነው» አለች በቀስታ። ተጫነ። አንገቱ ላይ ማተብ ያለው ልጅ። «ይህም የሰው ነው። እናቱ ታውቅ ይሆን?» ተጫነ። ፂም ያላበቀለ፣ ኮቱ የሰፋው። ተጫነ። ሁሉም ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል። ኡዘይር አንድ ነገር አስተዋለ፤ ማንኛቸውም ወደ ሌንሱ አያዩም። ከሌንሱ ትንሽ ወደ ቀኝ፣ ትርንጎ ወደተቀመጠችበት ነው የሚያዩት። ፈህሚያም አይታው ኖሮ ቁርኣን መቅራት ጀመረች።

የባትሪው ምልክት ቀይ ሆነ። ተጫነ።

ትርንጎ ነጠላዋን ከፊቷ አወረደችው።

ረዘም ያለ፣ ጆሮው ሰፋፊ፣ አንድ እጁን ጉልበቱ ላይ ያደረገ ልጅ ነው። ሊስቅ ዳር ዳር ይላል። ዓይኑ ወደታች ነው፤ የተሰጠውን ቁራጭ ወረቀት እያየ።

«ባምላክ!» አለች። ማልቀስ አልነበረም፤ እርሻ ላይ የዋለን ልጅ ለምሳ እንደመጥራት ነው ድምፅዋ። «ባምላክ፣ አንተ!»

የኡዘይር ጣት ደንግጦ ቁልፉን ተጫነ። ቀጭ አለ። አሁን ስክሪኑ ላይ ልጁ አንገቱን ወደሷ አዙሮ፣ ቅንድቡን ሰቅሎ፣ አቤት ሊል አፉን ከፍቷል።

ኡዘይር ያን ጊዜ ትዝ አለው። ዘጠኝ ዓመት አንድም ፊት ያላስታወሰ ሰውዬ፣ አንድ ድምፅ ትዝ አለው። ያን ቀን ከልጆቹ አንዱ ፍላሹ ሊበራ ሲል ዞር ብሎበት «ወደዚህ እይ እንጂ! ማን ጠራህ?» ብሎ ተቆጥቶት ነበር። ልጁም አፍሮ ራሱን እያከከ እንዲህ ብሎ ነበር። «እናቴ የጠራችኝ መሰለኝ።»

ይህን ለትርንጎ ይንገራት አይንገራት ሲያመነታ አፉ ቀድሞት ተናገረ። ቃል በቃል፣ ልጁ እንዳለው። ስክሪኑ ጠፋ። ፈህሚያ ባትሪውን አወጣች፣ አሻሸች፣ መለሰች። አልበራም። ፎቶው ግን ካርዱ ውስጥ ቀርቷል፤ ወዲያው ኮምፒዩተሩ ላይ አድርጋ አተመችውና በሁለት እጇ ለትርንጎ አቀረበችላት። ልጁ አቤት እንዳለ፣ አንገቱን እንዳዞረ።

«ሰምቶኛል» አለች ትርንጎ። ፎቶውን ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ ፊቱን በመዳፏ ጠረገችው። «ሰምቶኝ ነበር። ቀርቼበት ነው የሄደ።»

ከዚያ መቀነቷን ፈታች። ያችን ቁራጭ ወረቀት አይደለም የፈታችው፤ መቀነቱን ከወገቧ አውልቃ ነጠላዋን አደግድጋ አሰረችበት፣ እንደ ሐዘንተኛ። እጆቿ ወደ ደረቷ ሲሄዱ ፈህሚያ ልትይዛት ሞከረች፤ አልቻለችም። «ልጄ ሞተ! ወዮ ባምላኬ! ልጄ ዛሬ ሞተብኝ!» አለች። ጩኸቱ ገበያውን ሰነጠቀው። ቅዳሜ ነው፤ እህል የሚሰፍር መስፈሪያውን፣ ጨርቅ የሚለካ መለኪያውን ጥሎ መጣ። አላምረው ካሜራው አንገቱ ላይ እንደተንጠለጠለ ገባና ነገሩን ሲያይ አውልቆ ደጅ አስቀመጠው። ማን ሞተ ብሎ የጠየቀ የለም፤ ፎቶው ጉልበቷ ላይ ነው።

ኡዘይር ከካሜራው ጀርባ እንደቆመ ነው። የከበደው ነገር ወርዶለት እንደሆነ ደረቱን ፈተሸ። አልወረደም።

ትርንጎ ትንፋሽ ሲያጥራት ቀና ብላ አየችው። ቁጣ የለባትም፤ ቁጣ ቢኖራት በወደደ።

«ዘግይቶ ነበር እኮ» አለችው። «ዘግይቶልኝ ነበር። ምነው አያ ኡዘይር፣ ምነው አስቸኮሉብኝ?»

አግዳሚው ወንበር በሰው ሞልቷል፤ የተረፈው ቆሟል። ኡዘይር ቆቡን አስተካክሎ ሄደና እግሯ አጠገብ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። «አላህ ያጽናሽ እታለም» አለ፤ ሰዎቹም ተከትለው እንደየእምነታቸው እግዜር ያጥናሽ፣ አላህ ያጽናሽ አሉ፤ እሷም ልጇን ማልቀስ ጀመረች።